በጀልባ የሚመጣ ፍርድ

ፖርትአርዲ፣ ማርች 5 ቀን 1957

ውድ ወንድሜ ማግነስ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ባሕሩ ረግቶ፣ ጀልባዋም ሳትንገላታ፣ አንተም በዚያ የባሕር መብራት ማማህ ላይ ካልሲህ ደርቆ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጣራው ያፈሳል፣ ድመቷ ወልዳለች፣ ቄሳችን እሑድ ጎልፍ የሚጫወትን ሰው ሲኦል ስንተኛው ጉድጓድ ላይ እንደሚጠብቀው አሁንም እየሰበኩ ነው። እንግዲህ ምንም የተለወጠ ነገር የለም ማለት ነው።

አባባ ለምን በእጃቸው አልጻፉልኝም ብለህ ተቀይመሃል። አውራ ጣታቸውን ብርድ ይዞባቸው ነው፤ ሌላ ነገር የለም። በላይ በላዩ ሻይ ይጠጣሉ፣ ጋዜጣ ላይ የፊደል ስሕተት ሲያገኙ በዚያ በቀይ እርሳሳቸው ያርማሉ። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ጡረታ ቢወጣም እርሳሱ ጡረታ አይወጣም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትሳቅ። ዳቦ ጋጋሪው ሴቶን ባለፈው ቅዳሜ በጎልፍ ሜዳው ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ሲጫወት ኳሱ ሣሩ ላይ ከተሰጣው የዓሣ መረብ ውስጥ ገብታ ቆመች። መረቡን እዚያ ማስጣት የዓሣ አጥማጆቹ መብት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከጎልፍ ክለቡም በፊት ነበሩ። ሴቶን ገና ዱላውን ሲመርጥ ሚስዝ ባካን መጥተው መረባቸውን ከነኳሷ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሴቶንም «ኳስ ባለችበት ትመታለች» የሚለውን ይዞ ዱላውን እንደጨበጠ እስከ ግቢያቸው ተከተላቸው። ዶሮዎቹ መሐል ቆሞ ሊመታ ሲል በመጥረጊያ አባረሩት። ታዲያ ከየት መምታት ነበረበት?

ጉዳዩ እንደተለመደው ለአባባ ፍርድ በጽሑፍ ቀርቦልናል። አባባ ጣታቸው እስኪሻል እኔ ነኝ ጥቁሩ የፍርድ መዝገብ ላይ የምጽፍላቸው። መልሱን ቶሎ ላክልኝ።

ስላስቸገርኩህ ይቅርታ። ሹራቡ ተሠርቶ አልቋል፤ አንድ እጁ ትንሽ ረዝሟል።

እህትህ ኤፊ


የስኬር ሞራን መብራት፣ ማርች 12

ውድ ኤፊ፣

ጀልባዋ ከሰሉን እስክታራግፍ ሁለት ሰዓት አለኝ፤ አንድ ሰዓቱን ሹራቡን ለመልበስ ፈጀሁት። ረጅሙን እጅ ወደ ነፋሱ አዙሬ እለብሰዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

የሴቶን ነገር ቀላል ነው። ኳሷ ቆማ ከነበረ፣ ሌላ ሰው አንሥቶ ከወሰዳት፣ ያለ ቅጣት በነበረችበት ትመለሳለች። ወይዘሮዋን መከተል አልነበረበትም። ዶሮዎቹንም ይቅርታ ይጠይቅ።

ይህንን ግን አባባ እንቅልፍ ላይ ሆነው ይመልሱት ነበር። እኔና አንቺን ፊደል ሳንቆጥር የጎልፍ ሕግ ያስቆጠሩን ሰው ናቸው። ጣት ታሞ አፍ የሚዘጋው ከመቼ ወዲህ ነው? አንቺ የምትደብቂኝ ነገር ሲኖር ስለ ድመቷ ትጽፊያለሽ። አውቅሻለሁ።

የእኛም ቤት ከክርክር አልዳነም። አለቃችን ሙንጎ ራትሬ በቆርቆሮ ኩባያ ጉድጓድ ሠርቶ ማማው ሥር እንጫወታለን። ባለፈው ሳምንት ኳሱ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ሦስተኛው የመብራት ጠባቂ «ተዋት፣ አትመታም» ይለዋል፤ ሙንጎ በግንባሩ ተደፍቶ በዱላው ጫፍ ይቆፍራል። ቆይቶ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወደ እኔ ዞረና «ኳሴ አትመታም ብሎ የሚፈርደው ማነው?» አለኝ። ተጫዋቹ ብቻ ነው አልኩት። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ሌላ ማንም ሊወስንለት አይችልም። «እንግዲያው ትመታለች» ብሎ እስከ ራት ሰዓት መታት። ኳሷ አሁንም እዚያው ናት፤ ዱላው ተሰብሯል።

እውነቱን ጻፊልኝ።

ማግነስ


ፖርትአርዲ፣ ኤፕሪል 3

ውድ ማግነስ፣

እሺ። ድመቷን እንተዋት።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ የክረምቱ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነበር። የክለቡ ካፒቴን ሚስተር ፋርኳር ከሴቶን ጋር። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ የሴቶን ኳስ በካፒቴኑ ኳስና በጉድጓዱ መሐል መንገድ ዘግታ ቆመች። ሚስተር ፋርኳር እንደ ወጉ «ይነሣልኝ» አሉ። አባባ ዳኛ ነበሩ። «አይነሣም። ወይ ዙረህ፣ ወይ ዘለህ ምታ» ብለው ፈረዱ።

መንገድ የዘጋች ኳስ አትነሣም የሚለው ያ ሕግ ከተሻረ አምስት ዓመት አለፈው። አባባ በተሻረ ጊዜ እንዴት እንደተቆጡ፣ ለማኅበሩ ስንት ደብዳቤ እንደጻፉ አገር ያውቃል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሽማግሌው የድሮ ቂማቸውን እየተወጡ መሰለው። ሚስተር ፋርኳር ግን አልሳቁም። የአባባን ዓይን አዩ፣ ኳሷን ዙረው መቱ፣ ሳቱ፣ ተሸነፉ። ሴቶንም በሳምንቱ ዋንጫውን ወሰደ።

ቀልድ አልነበረም ማግነስ። ወደ ቤት ስንመለስ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገብተው «እናትሽ ከገበያ ዛሬ ምነው ቆየች?» አሉኝ። እማማን ከቀበርን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። ምን ልበላቸው? «ትመጣለች» አልኳቸው። እርጥብ ጫማቸውን አውልቄ እሳቱ ዳር አስቀመጥኩና ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይደሉም። ብዙውን ቀን የድሮው አባባ ናቸው፤ እንዲያውም ከድሮው ይብሳሉ፣ ሾርባውን በነጥብ ያርማሉ። ግን መቼ እንደሚጠፉብኝ አላውቅም። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው። ይህ ከተማ አርባ ዓመት በእሳቸው ቃል ሲገዛ ኖሯል። በአጥር የተጣሉ ጎረቤቶች እንኳ ሚስተር ቱሎክ ይፍረዱን ይላሉ። ያ ሰው አንድ ቀን በአደባባይ መሳቂያ ሆኖ እንዳላየው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለ ራሳቸው የሚባለውን ከሁሉ ኋላ የሚሰሙት እሳቸው ይሆናሉ። ይህን ማየት አልችልም።

ስለዚህ ጠያቂ ሲመጣ «አባባ አረፍ ብለዋል፣ በጽሑፍ ተውልኝ» እላለሁ። መልሱን አንተ ትልክልኛለህ፣ እኔ በእሳቸው እጅ ጽሕፈት መዝገቡ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ፊርማቸውንም እፈርማለሁ። በሌላ ሰው ስም የውጤት ካርድ ላይ የፈረመ ሰው በእኛ ቤት ምን ይባል እንደነበር አስታውሳለሁ፤ አትንገረኝ።

አሁን የላሞንት እህትማማቾች ጉዳይ አለ። ሁለቱም ከአንድ ሳጥን አንድ ዓይነት ኳስ፣ ቁጥሩ ሁለቱም ላይ 4 የሆነ፣ ገዙ። ሁለቱም ኳሳቸውን አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ከተቱ። ኳሶቹ ጎን ለጎን ተገኙ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ግን ሁለቱም አያውቁም። ሁለቱም ወደ ጉድጓዱ ቀረብ ያለችውን «የኔ ናት» ብለው፣ በዚያው ተኳርፈው፣ ይኸው አንድ ቤት እየኖሩ በፖስታ ቤት በኩል ነው የሚላላኩት። ምን እንበላቸው?

ሌላም ልጠይቅህ። ባለፈው ጸደይ ላይ አይደለም፣ በመኸሩ ዕረፍትህ ከአባባ ጋር ስትጫወቱ የታዘብከው ነገር ነበር?

ኤፊ


የስኬር ሞራን መብራት፣ ኤፕሪል 11

ውድ እህቴ፣

ባሕሩ ጀልባዋን ሁለት ቀን አቆያት። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሙንጎ «ክፉ ወሬ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ የጎልፍ ጥያቄ ነው አልኩት።

በመኸሩ ምንም አልታዘብኩም።

ለሚስተር ፋርኳር ንገሪያቸው። ቀስ ብለሽ፣ ለብቻቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። እዚህ ተቀምጬ ይህን ማለት እንደሚቀልለኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እኔ ካልኩሽ ማን ይልሻል።

የላሞንቶቹን በልቤ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ሕጉን ልቅም አድርጌ አላስታውሰውም፤ መጽሐፉ አባባ ጋ ነው። ዕጣ ይጣሉና የደረሳትን ትውሰድ። በስተርጅና ሁለት እህትማማቾች በአንዲት ኳስ መቃቃር የለባቸውም። ጭንቅ የእኛው ቤት ይበቃል።

የአባባን ጫማ አድርቂ። ይህን ደግሞ ከእኔ ባትሰሚም ታደርጊዋለሽ፤ ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

ማግነስ


ፖርትአርዲ፣ ሜይ 1

ማግነስ፣

ላሞንቶቹ ዕጣ ተጣጣሉ። ታናሺቱ አሸነፈች፣ ታላቂቱ ተናድዳ ግማሽ ቀን ቆየችና ማታ በጢስ የታጠነ ዓሣ ሾርባ አብረው ጠጡ አሉ። ከተማው ሁሉ «ሚስተር ቱሎክ እያደር ልባቸው ራራ» አለ። እኔም የሠራሁትን ሳላውቅ ደስ አለኝ።

ደስታዬ አራት ቀን ቆየ። ትናንት መዝገቡን ከመሳቢያው ሳወጣው፣ በእኔ እጅ የተጻፈው የአንተ ፍርድ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰርዟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ስሕተት። ማንነቱ ያልተለየ ኳስ የጠፋ ኳስ ነው። ሁለቱም ጠፍተዋል። ማዘን ሕግ አይደለም።»

የመሳቢያው ቁልፍ አንገቴ ላይ ነበር። ያንተ ደብዳቤዎችም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ በቀን ተራ አስቀምጫቸው ነበር፣ አሁንም በቀን ተራ ናቸው። ግን እኔ እንዳሰርኩት አይደለም የታሰሩት። አባባ ቁርሳቸውን ሲበሉ ፊታቸውን ባይ ባይ ምንም አጣሁበት። የአጃ ቂጣውን ቅቤ ቀብተው «ዛሬ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው» አሉና ወጡ። መቼ ነው ያነበቡት? አንብበው ያስታውሱታል ወይስ ረስተውታል? ብጠይቃቸው አንዱን ማወቄ ነው፤ ሁለቱንም መስማት አልፈልግም።

ይህ ሳያንስ ሚስተር ፋርኳር ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ አስቆሙኝ። ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ በትሕትና፣ «የአባትሽ ፍርድ ሁልጊዜ ጀልባዋ ከስኬር ሞራን በተመለሰች በሁለተኛው ቀን ይወጣል። ባሕሩ ሲከፋ ፍርዱም ይዘገያል» አሉኝ። እሳቸው ሳቅ አሉና «ግድ የለም፣ ሚስተር ቱሎክ ሲያስቡ በጀልባ ነው የሚያስቡት እንላለን» ብለው ሄዱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ይኸው ነው። ፌዝ ይሁን ማስጠንቀቂያ አልገባኝም።

አሁን የባሰው። ኦገስት 24 የክለቡ መቶኛ ዓመት ዋንጫ ነው። ከአውራጃው ሁሉ ሰው ይመጣል፣ ጋዜጠኛም ይመጣል። የዕለቱ ዳኛ አባባ እንዲሆኑ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ወስኗል፤ አባባ ደብዳቤውን ምድጃው ራስ ላይ አቁመውታል፣ በየቀኑ ያነቡታል። ያን ቀን በጽሑፍ ተውልኝ የሚባል ነገር የለም። ሰው እጁን ያነሣል፣ እሳቸው ይመጣሉ፣ ይፈርዳሉ። ምን ላድርግ? ቢቀሩ ምክንያቱ ይጠየቃል፣ ቢሄዱ ደግሞ የፈራሁት ይደርሳል።

ኤፊ


የስኬር ሞራን መብራት፣ ሜይ 8

ኤፊ፣

አይሂዱ። ለሚስተር ፋርኳር ጻፊ። ልባቸው ደክሟል በይ፣ ሐኪም ከልክሏል በይ። መሳቂያ ከመሆን መታመም ይሻላል። አባባን ራሳቸውን አትጠይቂ፤ እሺ አይሉም።

አንድ ነገር ደግሞ አለብኝ። ባለፈው ዋሽቼሻለሁ።

በመኸሩ ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ አባባ «ተራህ ነው አርቺ» አሉኝ። ተሳስተው መሰለኝ። ከዚያ እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ አርቺ ነበርኩ፤ በባሕር የሞተው ወንድማቸው። ስለ ጀልባው ይጠይቁኝ ነበር፣ ቀለሟ ደረቀ ወይ እያሉ። እኔም ደርቋል አልኩ። አሥራ አምስተኛው ላይ ዞር አሉና «ማግነስ፣ ዱላ አያያዝህ ዛሬም እንደ አካፋ ነው» አሉኝ። ያን ያህል የተደሰትኩበት ስድብ የለም።

በማግስቱ የመብራት ኃላፊዎቹ ከመሬት ጣቢያና ባሕር መሐል ካለው የድንጋይ ማማ ምረጥ አሉኝ። የመሬቱ ጣቢያ ከቤታችን በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነበር። እኔ ድንጋዩን መረጥኩ። ለአንቺ «ላኩኝ» ብዬ ነገርኩሽ። አልላኩኝም። ሸሽቼ ነው የመጣሁት። በየሌሊቱ መብራቱን እያዞርኩ ለማላውቃቸው መርከቦች መንገድ አሳያለሁ፤ አባቴን ግን አንቺ ላይ ጥዬ ሄድኩ።

ሌላ የምለው የለኝም። ይቅር በይኝ አልልም፣ ጊዜው አይደለም።

ማግነስ


ፖርትአርዲ፣ ጁላይ 24

ማግነስ፣

ጀልባዋ ሁለት ጊዜ ያለ ደብዳቤዬ ስለመጣች ታምሜ እንደሆነ ጠይቀሃል። አልታመምኩም። ተቆጥቼ ነበር። በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ። እያንዳንዷን ደቂቃ ቆጥሬአታለሁ፤ ድንች ስልጥ፣ ጣራ ሥር ባልዲ ሳስቀምጥ፣ አባባን ከባሕሩ ዳር ስፈልግ። ጁን ላይ አንድ ጥዋት ጠፍተውብኝ ነበር። ሚስዝ ባካን አገኙአቸው፤ አባባ መረባቸው ላይ ተቀምጠው ቋጠሮ ሲፈቱላቸው። እጃቸውን ይዘው አምጥተው «አባትሽ ሥራ ረዱኝ» ብቻ አሉኝ። ለማንም አልነገሩም። ዶሮአቸውን ያስደነበረው ሴቶን እንኳ አልሰማም።

ከዚያ ወዲህ አንተንም መቆጣት ደከመኝ። እኔም ብችል እሸሽ ነበር። ይህን ለማንም ብዬው አላውቅም።

ለሚስተር ፋርኳር የሚሰጠውን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ልብ ደክሟል፣ ሐኪም ከልክሏል፣ ሁሉም አለበት። ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ነው። መላክ ያቃተኝ፣ አባባ በየጥዋቱ ሕጉን እያጠኑ ስለሆነ ነው። እንደ ተማሪ ጮክ ብለው ያነቡታል፣ መጽሐፉን ዘግተው በቃላቸው ይሉታል፤ የሳቱትን በቀይ ያሰምሩበታል። ሲጀምሩ ከገጹ ሁለት ሦስት መስመር ነበር ቀይ። አሁን ገጹ ሁሉ ቀይ ነው። ትናንት ማለዳ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መስኮቱን እያዩ «ኤፊ፣ እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች እንዲህ ሲሆኑ እቆጣቸው ነበር» አሉኝ። ሻዩን ቀዳሁላቸው። ስኳር መጨመሬን ረስቼ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ እሳቸውም ሳይናገሩ ጠጡት።

ምን ላድርግ ብዬ አሁን አልጠይቅህም። እንዲያው እንድታውቀው ነው።

ኤፊ


የስኬር ሞራን መብራት፣ ጁላይ 31

ውድ ኤፊ፣

ደብዳቤውን አትላኪው ወይም ላኪው፤ አንቺ ያደረግሽው ልክ ነው። እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ። እኔ ከሩቅ የምፈርደው ፍርድ አንዱ በቀይ ተሰርዟል፣ ሁለተኛውም ቢሰረዝ አይገርመኝም።

ዝውውር ጠይቄአለሁ። የመሬቱ ጣቢያ ቦታ ተይዟል አሉ፤ ቢሆንም ጠይቄአለሁ። ለዋንጫው ልደርስ አልችልም። ሙንጎ ይህን ሲሰማ ዱላውን ሰብራ የቀረችውን ኳስ ከስንጥቁ በቢላ ፈልፍሎ አውጥቶ ሰጠኝ፤ «ላባትህ» ብሎኛል። ተጎሳቁላለች። ከዚህ ጋር ልኬአታለሁ።

ማግነስ


ፖርትአርዲ፣ እሑድ ኦገስት 25

ውድ ወንድሜ፣

አልቋል። ከቤተ ክርስቲያን እንደመጣሁ ነው የምጽፍልህ። ጋዜጣው በራሱ መንገድ ሳይነግርህ ከእኔ ስማው።

አባባ ትናንት ከእኔ ቀድመው ተነሥተው፣ ተላጭተው፣ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። የሙንጎን ኳስ ኪሳቸው ከተቱ። ጥቁሩን መዝገብ ራሴ ልያዝ አሉ። እኔ ያን ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከኋላቸው ተከተልኩ። መንገዱን ሙሉ «አሁን ልስጥ፣ አሁን ልስጥ» እያልኩ ክለቡ በር ደረስን።

ሰው ሁሉ መጀመሪያው መምቻ ዙሪያ ቆሞ ነበር። ሚስተር ፋርኳር ንግግር አድርገው አባባን ወደ ዳኛው ወንበር ጠሯቸው። ተጨበጨበ። አባባ ወንበሩ ጋ ሄዱ፣ አልተቀመጡም። እጃቸውን በወንበሩ ጀርባ ላይ አድርገው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ። ቃላቸውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፣ አንድም አልጨመርኩም።

«ኳሴ ከማትመታበት ቦታ ገብታለች። ይህን የሚወስነው ተጫዋቹ ብቻ ነው። ካፒቴኑም ኮሚቴውም ልጆቼም አይደሉም። እኔ ነኝ፣ ወስኛለሁ።»

ሰዉ ቀልድ መስሎት አንድ ሁለቱ ሳቁ። አባባ ቀጠሉ። በክረምቱ በሚስተር ፋርኳር ላይ የፈረዱት ፍርድ ቀልድ እንዳልነበረ፣ ዓመቱ ጠፍቶባቸው እንደነበር ተናገሩ። ከማርች ወዲህ በመዝገቡ ያለው ፍርድ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ ልጆቻቸው እሳቸውን ለመሸፈን ያደረጉት እንደሆነ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ትክክል መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ ላሞንቶቹ ወደ ቆሙበት ዞረው፣ ሁለቱም ኳሶች ጠፍተው እንደነበር በትሕትና ነገሯቸው። ታናሺቱ ቀላች፣ ታላቂቱ «ብያለሁ» አለች፤ እንደገና ተኳርፈዋል። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አይደለም፣ ይህ እውነት አይደለም። አፍሬ አልነበረም። እንደ ትናንቱ ኮርቼባቸው አላውቅም።

ሚስተር ፋርኳር ባርኔጣቸውን አወለቁ። መዝገቡንና የሕጉን መጽሐፍ ከአባባ ሲቀበሉ አጠገባቸው ነበርኩ። «ያን ቀን ዓይንዎን አይቼ አውቄአለሁ ጊልበርት» አሉአቸው። ለዚህ ነበር ክርክር ሳያነሡ ኳሷን ዙረው የመቱት። ዋንጫውን አሳልፈው፣ ስድስት ወር ሙሉ የከተማውን ፌዝ ችለው ዝም ብለው ኖሩ። አባባ ግን ምን እንዳሏቸው ገምት። «ማወቅህ መልካም። ግን ይግባኝ ማለት ነበረብህ» አሏቸው።

ያን ደብዳቤ ዛሬ ማለዳ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አባባ ማታ ቁጭ ብለው የጻፉልህን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። አላነበብኩትም፤ እንዳላነበው አሽገው ሰጡኝ። ለጀልባዋ እንዲደርስ ወደ ባቡሩ እሮጣለሁ።

ኤፊ


(ከዚሁ ጋር የታሸገ)

ልጄ ማግነስ፣

እህትህ ስለ ጣቴ ዋሽታሃለች። ጣቴ ደህና ነው፣ እንደምታየው።

ደብዳቤዎችህን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ የመሳቢያው ሌላ ቁልፍ ድሮም ኪሴ ውስጥ ነበር። የሌላ ሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው፤ ስለዚህ ቅጣቱን በራሴ ላይ አስመዝግቤአለሁ። ኤፊ ፊርማዬን ከእኔ አሳምራ ነው የምትፈርመው። ከዚያ ነው የነቃሁት።

የአርቺን ነገር አነበብኩ። ጀልባዋ ቀለሟ ደርቋል ማለትህ ደግ አድርገሃል። ወደ ድንጋዩ መሄድህን አልያዝኩብህም። ሰው ኳሱ ጥሩ ቦታ ባትወድቅለት መጀመሪያ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል፣ ከዚያ ይመለሳል። እኔም ይህን ዓመት ሙሉ ሳዞር ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለራሴ መመለስ ነበረብኝ፣ መጽሐፉን ግን ለፋርኳር ሰጠሁት። ተጫዋቹ ኮረብታው ጋርዶት ባንዲራው ወዴት እንደሆነ ባያይ፣ ሌላ ሰው ቆሞ ቢጠቁመው እንደ ምክር ተቆጥሮ ያስቀጣልን? አያስቀጣም የሚል ትዝ ይለኛል። ግን በእርግጠኝነት አልይዘውም። አንተ ታውቀዋለህና ጻፍልኝ። ብትመጣም ይሻላል።

ሻዩ ቀረበ። እናትህ ሰላም ብላሃለች፤ ካልሲህን አድርቅ ትላለች።

አባትህ
ጊልበርት ቱሎክ


የስኬር ሞራን መብራት፣ ኦገስት 29

ለተከበሩ አባቴ፣

ባሕሩ ሁለት ቀን አዘገየንና ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ጀልባዋ እየጠበቀች ነው፣ አሳጥራለሁ።

ስለ ጠየቁኝ ሕግ፦ ትክክል ነዎት። ባንዲራው ወዴት እንደሆነ ማንም ሰው ለተጫዋቹ ሊጠቁም ይችላል። ምክር አይደለም፣ አያስቀጣም። ጠቋሚው ኳሷ ከመመታቷ በፊት ከመንገዱ ዞር ማለት ብቻ አለበት። እስከዚያ ድረስ የፈለገውን ያህል ቆሞ ሊያሳይ ይፈቀድለታል።

በሴፕቴምበር 24 ጀልባ እመጣለሁ። ሙንጎ ተተኪ ተገኘም አልተገኘም ፈቅዶልኛል። የት ቆሜ እንደምጠቁምዎ እርስዎ ያሳዩኛል።

ደብዳቤዎን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም።

ለእናቴም ሰላም ይበሉልኝ። ካልሲዬ ደርቋል ይበሉልኝ።

ልጅዎ ማግነስ